ያልተጠረጠሩ ጥገኛ ተሕዋስያንን በሰፊ ሞለኪውላዊ ምርመራ ፈልጎ ማግኘት፦ ከናሙና አመራረጥ እስከ ውጤት አጻጻፍ

የወባ ፒሲአር (የተመረጠን የዲኤንኤ ክፍል አባዝቶ የሚፈልግ ምርመራ) ወባን ብቻ ይፈልጋል፤ የቶክሶፕላዝማ ፒሲአርም ከቶክሶፕላዝማ ሌላ የሚያየው ነገር የለም። ሐኪሙ ያላሰበውን ተሕዋሲ እንዲህ ያለ ምርመራ ሊያገኝለት አይችልም፤ የሚፈለገው ነገር ከመነሻው ተወስኗልና። ሰፊ ሞለኪውላዊ ምርመራ የሚባለው ግን ተጠርጣሪ ሳይሰየም ይጀምራል። በናሙናው ውስጥ የማን ዘረመል እንዳለ ያነባል፣ የተነበበውንም ቅደም ተከተል ከመረጃ ቋት ጋር አስተያይቶ ስም ይሰጠዋል። ይህ መመሪያ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ምርመራውን ለሚያዝዙ ሐኪሞች የተዘጋጀ ነው። በመሣሪያው ላይ ብዙ አይቆይም፤ በእኔ እምነት የምርመራውን ዋጋ የሚወስኑት መሣሪያው ከመነሳቱ በፊት የተመረጠው ናሙናና ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚደረገው ማረጋገጫ ናቸው።

ሁለቱ መንገዶች

በላቦራቶሪዎች የሚሠራባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኒውክለስ ባላቸው ሕዋሳት ሁሉ የሚገኘውን የ18ኤስ ራይቦዞማል አርኤንኤ ጂን በፒሲአር አባዝቶ ማንበብ ነው። ይህ ጂን ከፊሉ ከዝርያ ዝርያ እምብዛም የማይለወጥ፣ ከፊሉ ደግሞ በእጅጉ የሚለያይ በመሆኑ ፕራይመሮቹ (ማባዛቱ የሚጀመርባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) በማይለወጠው ክፍል ላይ እንዲያርፉ ይደረጋል፤ በመካከል ያለው ተለዋዋጭ ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቪ4 ወይም ቪ9 የሚባለው፣ ሲነበብ የባለቤቱን ማንነት ያሳውቃል። ሁለተኛው ሜታጂኖሚክ ንባብ ነው። ይህ የተመረጠ ፕራይመር ሳያስፈልገው በናሙናው ያለውን ዲኤንኤ በሙሉ፣ የሰውንም የባክቴሪያንም የቫይረስንም ጨምሮ፣ በቁርጥራጭ ያነባል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ቀላል ሒሳብ መልስ ይሰጣል። አንድ የሰው ነጭ የደም ሴል 6.4 ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ሲኖሩት የወባ ተሕዋሲ ያለው 23 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ሚሊዮን ነጭ ሴሎችና 1,000 የወባ ተሕዋስያን አሉ ብንል የሰው ዲኤንኤ ከተሕዋሲው ዲኤንኤ በ1.4 ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ 10 ሚሊዮን ቁርጥራጭ ቢነበብ ከተሕዋሲው የሚገኘው 7 ያህል ብቻ ይሆናል። ሰባት ቁርጥራጭን ከብክለት ለይቶ ማመን እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ምክንያት ለሙሉ ደም፣ ለመቅኔና ለጣፊያ ናሙና የ18ኤስ መንገድ ይመረጣል። የሰው ሴል ጥቂት ለሆነበት የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ወይም ከሴሎች ለተለየ ፕላዝማ ግን ሜታጂኖሚክ ንባብ ጥሩ አማራጭ ነው፤ በተለይም ባክቴሪያና ቫይረስ አብረው መፈለግ ካለባቸው።

ደረጃ 1፦ ምርመራው ለዚህ ታማሚ የሚገባ መሆኑን መወሰን

ሰፊው ምርመራ ቀናትን ይወስዳል፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሕይወት ሊቀጥፍ የሚችል በሽታ ካለ አስቀድሞ በፈጣኑ መንገድ መታየት አለበት። ወባ ባለበት አካባቢ የቆየ ትኩሳት ያለበት ሰው የደም ፊልሙ ወይም ፈጣን ምርመራው በዚያው ቀን ይታይ። ሰፊው ምርመራ የማይክሮስኮፕ ምትክ ተደርጎ መታዘዝ የለበትም፤ ቦታው የተለመዱት ምርመራዎች ተሠርተው መልስ ሲታጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ምርመራውን ለማዘዝ የሚያበቁ ምልክቶች በርካታ ናቸው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በላይ ኢዮሲኖፊል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ተገኝቶ አለርጂም ሆነ መድኃኒት ምክንያቱን ሊያስረዳ ካልቻለ፣ በሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ በአንድ ማይክሮ ሊትር 10 እና ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል ከታየ ወይም ኢዮሲኖፊል ከነጭ ሴሎቹ 10 ከመቶ ከደረሰ፣ ረጅም ትኩሳት ከጣፊያ ማበጥና ከደም ሴሎች መቀነስ ጋር ከመጣ፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ የተደረገለት ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው በአንጎሉ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ቁስለት ከታየ፣ ምርመራው ተገቢ ነው። መንስኤው ያልታወቀ የአንጎል ብግነትም ከእነዚህ ጋር ይቆጠራል። ባላሙትያ ማንድሪላሪስ የተባለው አሜባ እ.ኤ.አ. በ1986 ከአንድ የሞተ ማንድሪል ጦጣ አንጎል እስኪገኝ ድረስ ማንም ስሙን የማያውቀው ተሕዋሲ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በመጀመሪያው የጥርጣሬ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገባም።

በሌላ በኩል ስትሮንግሎይድስን የመሰለ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የሚኖር ትል ከስቴሮይድ ሕክምና በፊት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከተፈለገ የፀረ እንግዳ አካል የደም ምርመራ ይበልጥ ይጠቅማል። ሙሉ ደም ላይ የሚሠራ ሰፊ ምርመራ በዚህ ጊዜ ትሉን ሊስተው ይችላል።

ተጠርጣሪ ሳይሰየም ይጀመራል ሲባል የታማሚው ታሪክ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በማዘዣው ወረቀት ላይ ታማሚው የኖረባቸውና የተጓዘባቸው ቦታዎች፣ ከእንስሳትና ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ውኃ ጋር ያለው ንክኪ፣ ጥሬ ሥጋ ወይም ዓሣ መብላቱ፣ ደም ወይም የአካል ክፍል መቀበሉ፣ እንዲሁም ቀደም ብሎ የወሰዳቸው የጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ይጻፉ። ውጤቱን የሚተረጉመው ባለሙያ ይህን ሳያውቅ የተገኘውን ስም ሊመዝነው አይችልም።

ደረጃ 2፦ ተሕዋሲው ካለበት ቦታ ናሙና መውሰድ

ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ፕራይመር ሰፊ የሚሆነው ለዝርያ እንጂ ለሰውነት ክፍል አይደለም፤ በጉበት ውስጥ ያልፈነዳ የኢኪኖኮከስ ትል ቋት (እጩ የሚያድግበት ከረጢት) ዲኤንኤውን ወደ ደም የሚለቀው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ደሙ ነፃ ነው የሚል ውጤት ስለ ጉበቱ የሚለው ነገር የለም። ካላዛር ሲታሰብ መቅኔ ወይም የነጭ ሴሎች ንብርብር ከሙሉ ደም የተሻለ ነው። አካንታሚባ የተባለው አሜባ ለሚያመጣው የዓይን ሕመም የኮርኒያ ፍቅፋቂ ያስፈልጋል። የቶክሶፕላዝማ የአንጎል ቁስለት በሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ሳይገኝ ሊቀር ስለሚችል ከቁስለቱ የተወሰደ ባዮፕሲ ካለ እሱ ይቅደም። የኦንኮሰርካ ትል እጮች የሚኖሩት በቆዳ ውስጥ ነው። የዝሆኔ በሽታ የሚያመጣው ቩሸሬሪያ እጮች በብዙ አካባቢዎች በደም ውስጥ የሚበዙት በእኩለ ሌሊት አካባቢ ሲሆን የሎዋ ሎዋ እጮች ደግሞ በቀን ይበዛሉ፤ ስለዚህ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት በናሙናው ላይ መጻፍ አለበት።

ደም በኢዲቲኤ ቱቦ ይቀዳ፤ ሄፓሪን ያለበት ቱቦ የፒሲአሩን ኢንዛይም ስለሚያግድ መወገድ አለበት። የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ከተቻለ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ለዚህ ምርመራ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ከመጨረሻዎቹ ቱቦዎች ቢሆን ይሻላል፣ የመጀመሪያው ቱቦ ከቆዳና ከደም ጋር የመቀላቀል ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ። ፈሳሹ በሴንትሪፉጅ ከተሽከረከረ ዝቃጩም ከላይ የቀረውም ይቀመጡ፤ ሙሉው ሕዋስ በዝቃጩ፣ ከሞቱ ሕዋሳት የወጣው ዲኤንኤ ደግሞ ከላይ ባለው ፈሳሽ ይገኛልና። ኔግለሪያ የተባለውን አሜባ በሕይወት እንዳለ በማይክሮስኮፕ ማየት ከተፈለገ ለዚያ የተለየው ክፍል በማቀዝቀዣ አይግባ።

ዓይነ ምድር ያለ ማቆያ ቀዝቅዞ ወይም በ95 ከመቶ ኤታኖል ይላክ። ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ናሙና ዲኤንኤው ስለሚጣበቅና ስለሚቆራረጥ በተቻለ መጠን አይመረጥ። በፓራፊን የተቀመጠ ባዮፕሲ ብቻ ካለ ግን ተስፋ አይቆረጥበት፤ የሚባዛው ቁራጭ ከ200 ፊደላት እንዳይበልጥ ተደርጎ ፕራይመር ከተመረጠ ውጤት ሊገኝ ይችላል። አስቀድሞ ለላቦራቶሪው ደውሎ መነጋገር ከተቻለ አንድ የባዮፕሲ ቁራጭ ፎርማሊን ሳይነካው በቅዝቃዜ እንዲቀመጥ ቢደረግ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

ደረጃ 3፦ ዲኤንኤውን ማውጣት

የትል እንቁላልና የክሪፕቶስፖሪዲየም ኦኦሲስት (ተሕዋሲው የሚተላለፍበት ቅርጽ) ጠንካራ ቅርፊት ስላላቸው በኬሚካል ብቻ አይከፈቱም፤ ናሙናው ከትናንሽ ጠንካራ ቅንጣቶች ጋር በማሽን ተንጦ ቅርፊቱ መሰበር አለበት። ሕብረ ሕዋስ በፕሮቲኔዝ ኬ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪሟሟ ድረስ ይቆይ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሌሊቱን ይደር።

የናሙናው መጠን በብዙ ቦታ ችላ ይባላል፤ ሆኖም አንድ ላቦራቶሪ 200 ማይክሮ ሊትር ደም ወስዶ ዲኤንኤውን በ100 ማይክሮ ሊትር ፈሳሽ ካወጣና ከዚያ 5 ማይክሮ ሊትር ብቻ ወደ ፒሲአሩ ካስገባ በእውነቱ የመረመረው 10 ማይክሮ ሊትር ደም ነው። ይህም ማለት በቱቦው ውስጥ በአማካይ አንድ ተሕዋሲ እንዲገባ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ቢያንስ 100 ተሕዋስያን መኖር አለባቸው። የመነሻውን መጠን ማሳደግና ተመሳሳዩን ናሙና በሦስት ቱቦ መድገም ውድ መሣሪያ ከመግዛት በላይ ይጠቅማል።

ከናሙናዎቹ ጋር ንጹሕ ውኃ ብቻ የያዘ ቱቦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ ይሂድ። ይህ ኔጌቲቭ ኮንትሮል የማውጫው ሪኤጀንቶች (ኬሚካሎች) ራሳቸው የያዙትን ዲኤንኤ ስለሚያሳይ ያለ እርሱ የተሠራ ሰፊ ምርመራ ሊታመን አይገባም።

ደረጃ 4፦ የሰውን ዲኤንኤ መቀነስ

ሰውም 18ኤስ ጂን አለው፤ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥም በመቶዎች በሚቆጠር ቅጂ። ፕራይመሩ ለሁሉም ከተስማማ አስቀድሞ የሚባዛው የታማሚው የራሱ ጂን ነው። መፍትሔዎቹ ጥቂት ናቸው። አንደኛው በሰው ጂን ላይ ብቻ የሚያርፍና ጫፉ ተዘግቶ ሊራዘም የማይችል አጋጅ ፕራይመር መጨመር ነው። ሁለተኛው ፒኤንኤ የሚባለውን ዲኤንኤ መሰል ሰው ሠራሽ ቁራጭ በተመሳሳይ ቦታ ማጣበቅ ነው። ሦስተኛውን መንገድ በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎችን ጨምሮ አንድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 አቅርቦታል፦ ከፒሲአሩ በፊት የሰውን ጂን የሚቆርጥ የተሕዋስያኑን ግን የማይነካ ኢንዛይም በመጠቀም፣ የተቆረጠው የሰው ጂን ዳግም እንዳይባዛ ማድረግ። ለደም ናሙና ይህ ሦስተኛው መንገድ አመቺ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ አጋጁ ከሰው ጋር በዚያ ቦታ የሚመሳሰል ተሕዋሲንም ሊያፍን ስለሚችል ላቦራቶሪው በሥራው ላይ ከማዋሉ በፊት ቢያንስ በአንድ የወባ፣ በአንድ የካላዛር፣ በአንድ የአሜባና በአንድ የትል ዲኤንኤ ላይ ሞክሮ ማየት አለበት።

ደረጃ 5፦ ማባዛት

ለሁሉም የሚል ስም የተሰጠው ፕራይመር ሁሉንም አይይዝም። የጃርዲያ 18ኤስ ጂን አጭርና «ጂ» እና «ሲ» የተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት የበዙበት ነው፤ የማይክሮስፖሪዲያ ጂን ደግሞ በርካታ ክፍሎች የጎደሉት በመሆኑ ብዙ ፕራይመሮች ይስቱታል። የትራይፓኖሶማና የሊሽማኒያ (የካላዛር መንስኤ) ጂን በተቃራኒው ከ2,000 ፊደላት በላይ ረዝሞ በቪ4 አካባቢ የሚባዛው ቁራጭ ከሌሎቹ ስለሚረዝም አጭር ቁራጭ በሚያነብ መሣሪያ ላይ ይዳከማል። ስለዚህ ከአንድ በላይ የፕራይመር ጥንድ ይዞ መሥራት፣ አንዱን ከ18ኤስ ሌላውን ለትሎች ከሚስማማ የማይቶኮንድሪያ ጂን መምረጥ፣ የሚመከር አሠራር ነው።

ሪኤጀንት የሚቀላቀልበት፣ ዲኤንኤ የሚጨመርበትና የተባዛው ምርት የሚከፈትበት ክፍል የተለያዩ ይሁኑ፤ ሠራተኛውም ሆነ ዕቃው ከመጨረሻው ክፍል ወደ መጀመሪያው በዚያው ቀን አይመለስ። ለፖዘቲቭ ኮንትሮል የእውነተኛ ተሕዋሲ ዲኤንኤ ከመጠቀም ሰው ሠራሽ መለያ የተጨመረበት ፕላዝሚድ (ክብ የዲኤንኤ ቁራጭ) ይሻላል፤ ወደ ታማሚው ናሙና ዘልሎ ቢገባ በመለያው ወዲያው ይታወቃልና። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ የሚጨመር የውስጥ ኮንትሮልም አይቅር። እሱ ካልተባዛ በናሙናው ውስጥ ፒሲአሩን የሚያግድ ነገር፣ ለምሳሌ የደም ሂም ወይም የሐሞት ጨው፣ አለ ማለት ስለሆነ ዲኤንኤው አሥር እጥፍ ቀጥኖ ይደገም እንጂ ኔጌቲቭ ተብሎ አይላክ።

ደረጃ 6፦ ማንበብና ማስተያየት

አንድ ተሕዋሲ ብቻ በሚጠበቅበት ንጹሕ ናሙና በአንዴ አንድ ቅደም ተከተል ብቻ የሚያነበው የሳንገር ንባብ ይበቃል፤ ሁለት ቅደም ተከተሎች ሲደባለቁ ግን የማይነበብ ይሆናል፤ ስለዚህ ለዓይነ ምድርና ለደም በርካታ ቁራጭ በአንዴ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ናሙናዎች አብረው ሲነበቡ የአንዱ ንባብ በሌላው መለያ ስም ሊመዘገብ ስለሚችል ለእያንዳንዱ ናሙና በሁለቱም ጫፍ የማይደገም መለያ ይሰጥ።

የፕራይመር ቅሪትና ጥራቱ የወረደው ንባብ ተወግዶ የሰው ቅደም ተከተል ከተጣራ በኋላ የቀረው ከጄንባንክ፣ ከሲልቫ ወይም ከፒአር2 የመረጃ ቋት ጋር ይነጻጸር። ሜታጂኖሚክ ንባብ የሚጠቀም ላቦራቶሪ በዚህ ደረጃ ልዩ ጥንቃቄ ያድርግ። በመረጃ ቋት ውስጥ በትል ስም የተመዘገቡ አንዳንድ የዘረመል መዝገቦች የሰውና የባክቴሪያ ቁርጥራጭ ተቀላቅሎባቸዋል፤ በዚህ ምክንያት የታማሚው የራሱ ዲኤንኤ የትል ስም ተሰጥቶት ሊወጣ ይችላል። መከላከያው ንባቦቹ በተሕዋሲው ዘረመል ላይ የት እንዳረፉ ማየት ነው፦ በብዙ ቦታ ተበትነው ከሆነ እውነተኛ የመሆን ዕድል አላቸው፤ ሁሉም በአንድ ጠባብ ቦታ ወይም በተደጋጋሚ ፊደላት ላይ ከተከመሩ ግን ስሙ አይታመን።

የተሰጠው ስም ምን ያህል ጠባብ ሊሆን እንደሚችልም ይጤን። ከ400 ፊደላት ውስጥ 1 ከመቶ ልዩነት አራት ፊደል ብቻ ነው። የሊሽማኒያ ዝርያዎች በ18ኤስ ጂናቸው አንዱ ከሌላው ሊለይ እስኪቸገር ድረስ ይመሳሰላሉ፤ ቶክሶፕላዝማ ጎንዲም ሐሞንዲያ ከተባለው ዘመዱ ጋር እንዲሁ። ኮምፒዩተሩ ከላይ ያስቀመጠውን የመጀመሪያ ስም ገልብጦ መጻፍ በዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ ከሚጎዱ ልማዶች አንዱ ነው፤ ሁለትና ሦስት ዝርያዎች እኩል ከተስማሙ የሚጻፈው የወገኑ (የጂነሱ) ስም ብቻ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ስሙ በሽታውን የሚያስረዳ መሆኑን ማረጋገጥ

ከሰፊ ምርመራ የወጣ ስም ገና መላ ምት ነው። በመጀመሪያ ከኔጌቲቭ ኮንትሮሉ ጋር ይስተያይ፤ በዚያም ከታየ ይሰረዝ። ቀጥሎ ከተሕዋሲው ባሕርይ ጋር ይመዘን። ማላሴዚያ የቆዳ ፈንገስ ነው፤ የዕፅዋት ቅደም ተከተል በዓይነ ምድር ከምግብ ይመጣል፤ በውኃ ውስጥ በነፃነት የሚኖሩ አሜባዎችና ባለ ጅራፍ ሕዋሳት ከሪኤጀንት ወይም ከቧንቧ ውኃ ሊመጡ ይችላሉ። ኢሜሪያ ሰውን የማይይዝ የእንስሳት ተሕዋሲ በመሆኑ በዓይነ ምድር መታየቱ ከተበላ ነገር ጋር አልፎ መሄዱን ብቻ ያሳያል። ብላስቶሲስቲስ የተባለው የአንጀት ተሕዋሲ በጤነኞች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ስለተገኘ ብቻ የሕመሙ ምክንያት ተደርጎ ለታማሚው መንገር ትክክለኛውን መንስኤ ፍለጋ ያስቆማል፤ ይህ ደግሞ ታማሚውን ይጎዳል።

ከዚህ ያለፈው ስም በሁለተኛና በተለየ መንገድ ይረጋገጥ። ለቶክሶፕላዝማ ቢ1 የተባለው ጂን ወይም በዘረመሉ ውስጥ ከ200 ጊዜ በላይ የሚደጋገመው ባለ 529 ፊደል ቁራጭ፣ ለሊሽማኒያ አይቲኤስ1 ወይም ኤችኤስፒ70፣ ለትሎች ሲኦኤክስ1 የተባሉት የዘረመል ክፍሎች ተመራጭ ናቸው። ማረጋገጫው ከተመሳሳዩ የተባዛ ምርት ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ናሙና እንደገና በወጣ ዲኤንኤ ላይ ይሠራ፤ አለዚያ ብክለቱ ራሱ ሁለት ጊዜ ይረጋገጣል። የደም ፊልሙ ወይም የፓቶሎጂ ስላይዱም ተመልሶ ይታይ። ምን እንደሚፈለግ ያወቀ ዓይን ቀድሞ ያለፈውን ብዙ ጊዜ ያገኛል።

ሕክምና ከተጀመረ በኋላ የሚወሰድ ናሙናም በጥንቃቄ ይተርጎም፦ ተሕዋሲው ከሞተ በኋላ ዲኤንኤው ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል መገኘቱ ብቻ መድኃኒቱ አልሠራም አያሰኝም።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን መጻፍና ቅሪቱን ማስቀመጥ

የውጤት ወረቀቱ የተመረመረውን የናሙና ዓይነትና መጠን፣ የተጠቀሙበትን ጂን፣ የተገኘውን ስም እስከ ዝርያ ወይም እስከ ወገን ብቻ የተለየ መሆኑን፣ የማረጋገጫውን ውጤትና ምርመራው የሚስታቸውን የተሕዋስያን ወገኖች ይግለጽ። ኔጌቲቭ ሲሆን «ጥገኛ ተሕዋሲ የለም» ተብሎ አይጻፍ፤ «በዚህ ናሙና፣ በዚህ መጠን፣ በእነዚህ ፕራይመሮች አልተገኘም» ይባል። ሐኪሙ ጥርጣሬው ከቀጠለ ሌላ ናሙና እንዲልክ፣ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ቢሆን እንደሚሻልም ጭምር፣ በዚያው ወረቀት ይነገረው። አደገኛ ስም የተረጋገጠ እንደሆነ ግን ወረቀት አይጠበቅ፤ በስልክ ይነገር።

ሜታጂኖሚክ ንባብ የታማሚውን የራሱን ዘረመል ጭምር ስለሚያነብ ይህ ከምርመራው በፊት ለታማሚው ተነግሮ ፈቃዱ ይጠየቅ፣ የሰው ቅደም ተከተልም ከማኅደሩ ይወገድ። የተሕዋሲው ንባብና የተረፈው ዲኤንኤ ግን በ-80 ዲግሪ ሴልሺየስና በተጠበቀ ማኅደር ይቀመጡ። የመረጃ ቋቶቹ በየጊዜው አዳዲስ ዝርያዎች ስለሚጨመሩባቸው ዛሬ ስም ያልተገኘለት ቅደም ተከተል ታማሚው ገና በሕክምና ላይ እያለ ዳግም ሲነጻጸር ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ ያልተለዩ ንባቦች ዳግም የሚታዩበት ቀንና ኃላፊው በላቦራቶሪው መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ።